ጠፍጣፋ እግር ምን ይሻለዋል? ልጄስ እንደኔ ሊሆን ነው?

የፍኖተ ሰላሟ መምህርት፦
ጤና ይስጥልኝ። እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠፍጣፋ ነው። እርጥብ እግሬን ሲሚንቶ ላይ ሳሳርፍ ሙሉ ዱካዬ ይታተማል። ድሮ አሞኝ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ቆሜ ሳስተምር ውዬ ማታ ስገባ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቴ በውስጥ በኩል ያቃጥለኛል፣ ባቴም ይገተራል። ወጌሻ ዘንድ ሁለት ጊዜ ታሸሁ፣ ለውጥ የለውም። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ የ4 ዓመቱ ልጄ ነው፤ የሱም እግር ልጥፍ ያለ ነው። እናቴ «ባዶ እግሩን ይሂድ፣ ይስተካከላል» ትላለች። ምን ትሉኛላችሁ?

የቡሬው፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ጫማሽን እይው። እኔ ስስ ሸራ ጫማ አድርጌ ስቆም ነበር የምሰቃየው። ጫማው ጣትሽ ጋ ይታጠፍ እንጂ መሀሉ እንደ ጨርቅ አይተጣጠፍ፣ ተረከዙም ጠንከር ብሎ ይያዝሽ። መሀሉ ከፍ ያለ ሶል ገዝቼ ከተትሁበት። መጀመሪያ ይቆረቁራል፣ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት እያልሁ ለመድሁት።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ባህር ዳር፦
በልጁ አትጨነቂ። ሕፃን ሲወለድ እግሩ ጠፍጣፋ ነው፤ የውስጥ እግሩ መሀል ጎድጓዳ በአብዛኛው እስከ 6 ዓመት፣ አንዳንዱም ላይ እስከ 10 ድረስ ቀስ እያለ ይወጣል። በጣቱ ጫፍ አቁሚው። ጎድጓዳው ብቅ ካለ፣ ካላመመውና ከእኩዮቹ ጋር የሚሮጥ ከሆነ ልዩ ጫማም አያስፈልገው። ካልወጣ ወይም ካነከሰ ግን አሳይው።

ያንች ከጅማት ይመስለኛል። ከባት ተነስቶ በውስጥ ቁርጭምጭሚት ዞሮ ጎድጓዳውን ወደ ላይ ስቦ የሚይዝ ጅማት አለ፣ ቀኑን ሙሉ ስትቆሚ እሱ ነው የሚደክመው፣ ስለዚህ ደግመሽ አትታሺ። ግድግዳ ተደግፈሽ አንዱን እግር ወደ ኋላ አድርጊ፣ ተረከዙ ከመሬት ሳይነሳ ባትሽን 30 ሰከንድ ሳቢ፣ 3 ጊዜ። ሕመሙ በረድ ሲል በጣትሽ ጫፍ ከፍ ዝቅ በይ፣ 10 ጊዜ። ቅርጹን አይቀይረውም፣ ሕመሙን ግን ያቀልልሻል። አንዱ እግር ብቻ በቅርብ ይበልጥ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ካበጠ፣ ወይም በአንድ እግር ጣት ጫፍ መቆም ካቃተሽ ሳትውይ ሳታድሪ ሆስፒታል ሂጂ።

ከቢቸና፦
ባዶ እግር ስለተባለው እኔም ልናገር። በአገራችን ቀይ አፈር ለዓመታት ያለ ጫማ መሄድ እግር የሚያሳብጥ ዝሆኔ ሊያመጣ ይችላል። አጎቴን አይቻለሁ፣ እርግማን ነው ሲሉት ኖሩ፤ ለካ ከአፈሩ ነው፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ልጁ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ባዶ እግሩን ይቡረቅ፣ ደጅ ሲወጣ ግን ጫማ አድርጊለት፣ ማታም እግሩን በሳሙና እጠቢው። በሞቴ!

የፍኖተ ሰላሟ መምህርት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ልጄን በጣቱ ጫፍ አቆምሁት፣ ጎድጓዳው ወጣ! የኔም ወጣ። የእናቴንም ምክር እንዲህ አስታረቅሁት፦ ባዶ እግር ምንጣፍ ላይ ብቻ። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሶሉን እፈልጋለሁ።