አስቸኳይ፦ ዊንዶውስ ከተቀየረ በኋላ የአማርኛ ፋይሎቼ በሙሉ የፈረንጅ ፊደል ሆኑ

የልደታዋ ጸሐፊ
ሰላም ወገኖች፣ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ አቤቱታና ማመልከቻ የምንጽፍበት ቤት አለኝ። ትናንት ማታ አንድ ልጅ ኮምፒውተሬ ላይ ዊንዶውስ 11 ጫነልኝ። ዛሬ የአንድ ባለጉዳይ የይግባኝ ማመልከቻ ከፍቼ ላትም ስል አማርኛው የለም። ገጹ ሙሉ ኮፍያና ነጥብ የደረበ የፈረንጅ ፊደል ነው፣ መሃል መሃሉ ላይ የዶላር ምልክት ሳይቀር አለ። ሌሎቹን ፋይሎች ብከፍትም ያው ናቸው። አዲስ ገጽ ከፍቼ ስጽፍ ግን አማርኛው ይሠራል። ሰውዬው አጠገቤ ቁጭ ብለዋል፣ የይግባኝ ጊዜያቸው ዛሬ ያበቃል፣ መዝገብ ቤት ሳይዘጋ ማስገባት አለባቸው። በጣም ያናደደኝ ደግሞ ኮምፒውተሩ ምንም ሳይለኝ ዝም ብሎ መክፈቱ ነው። «እንዲህ ያለ ነገር ጎድሎኛል» ብሎ ቢናገር ምን ነበረበት? ሲስተሙ ላይ አንድ ነገር ይጨመርልሽ ብባል የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሚኪ ካዛንቺስ
ቀላል ነው እህቴ። ሴቲንግ ግቢ፣ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ከዚያ አማርኛ ጨምሪ። ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ የኢትዮጵያ ፊደል ተጨማሪ ፎንት አለ፣ እሱን ስትጭኚ ኒያላ ይመጣል። ሪስታርት አድርጊ። አለቀ።

የልደታዋ ጸሐፊ
አደረግኩት። ኒያላ መጥቷል፣ ፋይሉ ግን እንዳለ ነው።

ዘሪሁን 22
ፋይሉ ግዕዝ ሆኖ ይሆናል፣ ቄስ ጥሪ 😂

የልደታዋ ጸሐፊ
ወንድሜ ቀልዱ ይቆየን፣ ሰው ቁጭ ብሎብኛል።

ጋሼ ታይፕራይተር
ልጄ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፣ መፍትሔው ከዚያ ይመጣል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር የጋራ ኮድ የተሰጣቸው መዝገብ ነው) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት ለፊደላችን ዓለም የተስማማበት ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ የአማርኛ ሶፍትዌር የሚሠሩት ሰዎች የራሳቸውን መላ ፈጠሩ። በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ የኛን ፊደል ሥዕል አስቀመጡ። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ኮድ ነው፣ ፎንቱ ነው አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየው። የያኔው ፎንት ደግሞ ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበረው። የኛ ፊደል በዚያ ስለማይበቃ አንዱ በሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው ፊደሉን ከቁራጭ እየገጣጠመ ሠራው። ሁሉም በየራሱ መንገድ ሄደ። የአንዱ ድርጅት ፋይል በሌላው ፎንት የማይነበበው ለዚህ ነው። እነዚያን ልጆች ግን ማንም እንዳይወቅስ። እነሱ ባይኖሩ ከጽሕፈት መኪና ወደ ኮምፒውተር ባልተሻገርን። ጋዜጣው፣ መጽሐፉ፣ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሁሉ በነሱ ፎንት ነው የወጣው። በኋላ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላን ይዞ መጣ፣ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ደግሞ ኢብሪማ የሚባለው ፎንት ውስጥ ፊደላችን አለ። አዲስ ገጽ ላይ አማርኛው የሠራልሽ በዚህ ነው። የድሮው ፋይል ግን ዩኒኮድ ስላልሆነ ኒያላ ሊያነበው አይችልም።

ሚኪ ካዛንቺስ
ጋሼ፣ ላንጉዌጅ ፓኩን ደግማ ብትጭነው ግን ይስተካከላል እኮ። እኔ ጋ ሠርቷል። ሴቲንግ፣ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ...

ብሩክ ሜክሲኮ
ሚኪ፣ ጋሼ ያሉትን አንብበው። አይስተካከልም።
እህቴ ይህን አድርጊ። ፋይሉን በዎርድ ክፈቺና ከተበላሸው ጽሑፍ መሃል አንዱ ቃል ላይ ክሊክ አድርጊ። ከላይ የፎንት ስም የሚታይበት ሳጥን አለ። ፎንቱ ኮምፒውተርሽ ላይ ባይኖርም ስሙን እዚያ ይጽፈዋል። ምን ይላል?
ሌላም ቦታ አለ። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ፣ ወደ ታች ስትወርጂ ፎንት ሰብስቲትዩሽን የሚል ቁልፍ ታገኛለሽ። እዚያ ሰነዱ የሚፈልገው የጠፋ ፎንትና ዎርድ በምትኩ ያስገባው ፎንት ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ስለዚህ አይናገርም አይባልም። ይናገራል፣ የሚናገርበት ቦታ ነው የተደበቀው።

የልደታዋ ጸሐፊ
አገኘሁት! ቪጂ 2000 ሜይን ይላል። ርዕሱ ላይ ደግሞ ሌላ ቪጂ አለ።

ብሩክ ሜክሲኮ
በቃ ቪዥዋል ግዕዝ ነው፣ ጋሼ ካሉት የድሮ የአማርኛ መጻፊያዎች አንዱ። አሁን ሲ ድራይቭ ግቢና ዊንዶውስ ዶት ኦልድ የሚል ፎልደር ካለ እዪ። ልጁ ድራይቩን ሳያጠፋ ከላዩ ጭኖበት ከሆነ አሮጌው ዊንዶውስ እዚያ ተቀምጧል። ውስጡ ዊንዶውስ፣ ከዚያ ፎንትስ። የቪጂዎቹን ፋይሎች ምረጪ፣ ራይት ክሊክ፣ ለሁሉም ተጠቃሚ ጫን የሚለውን ንኪ። ዎርድን ዘግተሽ ክፈቺ። ይህ ፎልደር ብዙውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ራሱ ይጠፋል፣ ትናንት ከሆነ ግን አይጠፋም።

የልደታዋ ጸሐፊ
የለም። ልጁ ሲን አጥፍቶታል መሰለኝ፣ ፋይሎቼ የተረፉት ዲ ላይ ስለነበሩ ነው።

ሊኑክስ ስድስት ኪሎ
ይቅርታ ግን ጥያቄው ከመሠረቱ ልክ አይደለም። ፎንት ጎደለኝ ብሎ መናገር የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሥራ አይደለም፣ ሰነዱን የከፈተው ፕሮግራም ሥራ ነው። ኢንዲዛይን በሚባለው የመጽሔትና የመጽሐፍ ማቀናበሪያ ፋይል ስትከፍቺ የጎደለውን ፎንት በስም ዘርዝሮ ይነግርሻል፣ ያንን የሚያደርገው ዊንዶውሱ አይደለም። ደግሞ ለምን በተሰረቀ ዊንዶውስ ትሠቃያላችሁ? ሊኑክስ ጫኚ፣ ነፃ ነው፣ ዝማኔውም ባሻሽ ጊዜ ነው፣ አማርኛውም አለው።

ሰላም ለገሃር
የተሰረቀ መሆኑን በምን አወቅክ? ሊኑክስ ብትጭንስ ይህ ፋይል ሊነበብ ነው? ኮዱ ላቲን ከሆነ ሊኑክስም ላይ ያው ኮፍያ ነው የምታየው።

ሊኑክስ ስድስት ኪሎ
ፎንቱን እዚያም ጭኖ ማየት ይቻላል። ያልኩት ለወደፊቱ ነው።

ሰላም ለገሃር
ለወደፊቱማ ሰውዬው ዛሬ ጊዜያቸው ያልፋል። እህቴ፣ ልደታ አካባቢ እንዳንቺ የሚጽፍ ቤት ሞልቷል። አሮጌ ኮምፒውተር ያለበት አንዱ ጋ ፍላሽ ይዘሽ ሩጪ። ማመልከቻውን እዚያው ክፈችው፣ አስተካክሎ ካሳየ ፒዲኤፍ አድርገሽ አስቀምጪ። ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮት ስለሚይዝ የትም ብታትሚው አይበላሽም። እግረ መንገድሽን ከዚያ ቤት ፎንትስ ፎልደር ውስጥ ቪጂዎቹን ሁሉ ፍላሽሽ ላይ ኮፒ አድርጊ። አንዱን ብቻ እንዳታመጪ፣ የቁጥሩና የርዕሱ ፎንት ሌላ ስለሆነ።

የልደታዋ ጸሐፊ
እሺ ከኋላችን አንድ አለ፣ እየሄድኩ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሀና ሒሳብ
እስክትመለስ ከተፈቀደልኝ እኔም ሲስተሙ ላይ ቢጨመር የምለውን ልናገር፣ ከሷ ጉዳይ ጋር ዘመድ ነው። የኛ አቆጣጠር! ስታዲየም አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ነው የምሠራው። ደረሰኝ ሁሉ በኛ ቀን ነው የሚመጣው። ኤክሴል ላይ ጥቅምት 30 ቀን 2017ን 30/2/2017 ብዬ ስጽፍ ፌብሩዋሪ 30 የለም ብሎ እንደ ቀን አይቀበለውም፣ እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜን 3 ደግሞ የባሰ ነው። 3/13/2017 ስለው፣ ወር በሚቀድምበት አሜሪካዊ አቀማመጥ ላይ ካለ፣ ዝም ብሎ ማርች 13 ያደርገዋል። ስህተት ነው እንኳ አይልም። ከዚያ በቀን ሳስደረድር ጳጉሜን መጋቢት ውስጥ ገብታ አገኛታለሁ። ይህ የዓመቱ መዝጊያ ላይ ሲሆን አስቡት።

ጋሼ ታይፕራይተር
ልክ ነሽ ልጄ። 13 ወር ያለው አቆጣጠር ለኮምፒውተር ከባድ ሆኖ አይደለም። ማክ ላይ ካላንደሩ ውስጥ ተለዋጭ አቆጣጠር ምረጥ ሲል የኢትዮጵያው አለ። ብሮውዘሮችም ቀን ወደኛ የሚቀይሩበት ስሌት ውስጣቸው አላቸው። ስለዚህ ስሌቱ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ታች ቀኝ ጥግ ላይ ሰዓቱ ካለበት ጎን ማውጣት ብቻ ነው የቀረው። ለኛ ሰው ከአዳዲስ ጌጣጌጡ ሁሉ ይህ ይበልጥበታል።

ብሩክ ሜክሲኮ
ሀና፣ ለጊዜው ቀኑን በሦስት ዓምድ ክፈይው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ሁሉም ተራ ቁጥር። መጀመሪያ በዓመት፣ ቀጥሎ በወር፣ ቀጥሎ በቀን አስደርድሪ። 13ኛው ወር ያለ ችግር ከ12 በኋላ ይመጣል። ቀመር ስትሠሪ ደግሞ መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 እንዳይመስልሽ። ጳጉሜን 6 ስትሆን 12 ላይ ይውላል፣ 2016 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር።

ዘሪሁን 22
ሰዓቱስ? እኔ ከሰዓቱ ጋር ነው ጠቤ። የውጭ ስብሰባ 9፡00 ይላል፣ እኔ ከሰዓት 9 ብዬ ቤቴ ተኛሁ 😅

ሰላም ለገሃር
ለሱ መላ አለ። ዊንዶውስ ተጨማሪ ሰዓት እስከ ሁለት ድረስ ይፈቅዳል። ሰዓት ማስተካከያው ውስጥ ተጨማሪ ሰዓት የሚለው ጋ ግባና የቦነስ አይረስን ዞን ምረጥ። ከዩቲሲ (ከዓለም መነሻ ሰዓት) 3 ሰዓት ወደኋላ ነው፣ እኛ ደግሞ 3 ወደፊት ነን፣ ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት። ጠዋት 9፡00 ሲል እሱ 3፡00 ይላል። ስሙን «የኛ ሰዓት» ብለህ ጻፍበት። ማውዙን ሰዓቱ ላይ ስታሳርፍ ሁለቱም ይታያሉ። ዋናውን ሰዓት ግን እንዳትነካው፣ ኮምፒውተሩ ሰዓቱ ከተዛባ ብዙ ድረ ገጽ አልከፍትም ይልሃል።

ዘሪሁን 22
ኧረ ይሄማ ቁም ነገር ነው! አሁኑኑ አደረግኩት፣ ሠራ።

ሚኪ ካዛንቺስ
እኔ የምመኘው ሳይጠይቀኝ ሪስታርት እንዳያደርግ ነው። እሷም እኮ በዝማኔ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ላንጉዌጅ ፓኩን አሁንም ትሞክረው።

ብሩክ ሜክሲኮ
በዝማኔ አይደለም ሚኪ። ለሪስታርቱ ግን አክቲቭ አወርስ አለልህ፣ በቀን እስከ 18 ሰዓት ድረስ አትንካኝ ማለት ትችላለህ። ዝማኔውንም እስከ 5 ሳምንት ማቆም ይቻላል። ሥራ ላይ ከሆንክ ደግሞ ዎርድ በየ10 ደቂቃው የሚያስቀምጠውን ወደ 1 ደቂቃ አውርደው። መብራት ሲሄድ የምትጠቀመው በሱ ነው።

ሊኑክስ ስድስት ኪሎ
በዊንዶውስ 10 የቀራችሁም ካላችሁ መደበኛው ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ልጁ 11 መጫኑ ስህተት አልነበረም፣ ፎንቶቹን ሳያወጣ ማጥፋቱ ነው ጥፋቱ። ፎርማት የሚያደርግ ሰው ፎንትስ ፎልደሩን መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ አለበት፣ አማርኛ በሚሠራበት ቤት ይህ ግዴታ ነው።

ሰላም ለገሃር
በዚህስ ተስማምተናል። እኔ የምጨምረው ፍለጋውን ነው። አንዱ ጸሐፊ ኃይሉ ብሎ ያስቀምጣል፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሌላው ሃይሉ። ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ፀሐይና ጸሀይም እንደዚሁ። አንድ ባለጉዳይ መዝገቡ የለም ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ፣ ፋይሉ ግን በሌላ ሀ ተቀምጦ ነበር። የእንግሊዝኛውን ትልቅና ትንሽ ፊደል አንድ አድርጎ መፈለግ ከቻለ ይህን ለኛ ማድረግ ምን ያቅተዋል? እስከዚያው ዎርድ ውስጥ ስትፈልጉ ዋይልድካርድ የሚለውን ምረጡና የመጀመሪያውን ፊደል በካሬ ቅንፍ ጻፉ፤ [ሀሃሐሓኀኃ]ይሉ ስትሉት ሁሉንም ያወጣል።

ጋሼ ታይፕራይተር
ይህን ጽፌ አስቀምጬዋለሁ። ለጸሐፊዋም አንድ ነገር፣ ፎንቱ ከተገኘ በኋላ በዚያው ረክተሽ እንዳትቀመጪ። ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ነገር ሁሉ በዩኒኮድ ጻፊ። የጣት ልማድሽን እንዳትለውጪ ከፈለግሽ ኪይማን የሚባለው የመጻፊያ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ የአማርኛ ኪቦርዶች አሉት። የድሮ ቅጾችሽን ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ከቀየርሽ በኋላ ግን ከታተመው ጋር አስተያዪ፣ በተለይ ቁጥርና አራት ነጥብ ላይ ይሳሳታሉ። የፍርድ ቤት ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ቢዛባ ቀላል ነገር አይደለም።

ትዕግሥት አራት ኪሎ
ሰላም፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ግማሹ በፓወር ግዕዝ (እሱም የድሮ ፎንት ነው) ግማሹ በኒያላ ነው። ፎንቱ አለኝ፣ ግን አማካሪዬ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ግማሹ ይበላሻል። ምን ላድርግ?

ብሩክ ሜክሲኮ
ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ። እዚያ ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ ክተት የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን አብሪና አስቀምጪ። አንዳንድ ፎንት አይፈቅድም፣ ካልፈቀደ ለአማካሪሽ ፒዲኤፍ ላኪ። በየትኛው ዎርድ ነው የምትሠሪው?