የጳጉሜ ባዛር፦ ማን ይሽጥበት፣ የትስ ይተከል?

አስተባባሪ፦
ሰላም ለቡድናችን አባላት። ነገሩ ይኼ ነው። በከተማችን ከነሐሴ 25 እስከ ጳጉሜ 5 የአዲስ ዓመት ባዛር ሊደረግ ታስቧል፤ 60 ድንኳን ነው የሚባለው። ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር የሚመጡ ነጋዴዎችም ይገባሉ ተብሏል። ቦታው ገና አልተቆረጠም። አንዱ ሐሳብ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው የአስፋልት ዳር ነው፣ ሌላው ኳስ ሜዳው፣ ሦስተኛው ከከተማው በታች ያለው መስክ። የከተማው ነጋዴ ለሁለት ተከፍሏል። የውጭ ነጋዴ ይግባ ወይስ አይግባ? ድንኳኑስ የት ይተከል? የሚጽፍ ሰው ምክንያቱንም ይጻፍ። ስድብ ይሰረዛል።

ባለ ሚዛን፦
አይግባ። ቅናት እንዳይመስላችሁ፤ የጳጉሜ ብር ከየት እንደሚመጣ እንቁጠር። ገበሬው ማዳበሪያና ዘር ገዝቶ፣ ለአራሚ ከፍሎ ኪሱ ባዶ የሆነበት ወቅት ነው። ጤፉ ተወቅቶ ብር የሚሆነው ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። ስለዚህ አሁን ከተማው ውስጥ የሚዞረው የሠራተኛው የነሐሴ ደመወዝ፣ ልጆች ለበዓል የሚልኩትና የዕቁብ ዕጣ ብቻ ነው። ያ ብር በአሥር ቀን ተጠራርጎ ዓባይን ከተሻገረ መስከረምን ሙሉ ሱቅ ከፍቶ ዝንብ እሽ ማለት ነው። ኪራይ ደግሞ በዓል መጣ ብሎ አይቆምም።

ዱቤውስ? ከሐምሌ ጀምሮ ዘይትና ሳሙና በደብተር የወሰደ ሰው ደመወዝ ሲገባለት መጀመሪያ ዱቤውን ነበር የሚዘጋ። ባዛር ሲመጣ ብርድ ልብስና መጋረጃ እጅ በእጅ ይገዛና የኛ ዱቤ ለጥቅምት ይተላለፋል። የባዛሩን ዕዳ የሚሸከመው የሱቁ ደብተር ነው።

ወይዘሮ በርበሬ፦
ጋሼ ባለ ሚዛን፣ የዱቤውን ነገር ማንም አይክድዎትም። ግን ያን ብርድ ልብስ እርስዎስ የሚያመጡት ከመርካቶ አይደል? እዚህ አራት ሱቅ ብንዞር አንድ ዓይነት ዕቃ በአንድ ዓይነት ዋጋ ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የደብተር ዋጋ እንዴት እንደሚዘል ሁላችንም እናውቃለን። ሌላ ሻጭ አጠገብ ሲቆም ብቻ ነው የሚረግበው።

እኔን የሚያናድደኝ ባዛሩ የሚያመጣው ዕቃ ነው። በዓል የሚያስወድደው መጋረጃ አይደለም። ሽንኩርት ነው፣ በርበሬ ነው፣ እንቁላል ነው። ሽንኩርት በአብዛኛው የመስኖ ምርት ስለሆነ ክረምት ላይ ከገበያ ይሸሻል፤ ያለውም እርጥበት ይዞት ከውስጥ ይበሰብሳል። ከባሕር ዳር የሚመጣው ሰው ሁለት አይሱዙ ሽንኩርት ይዞ ይምጣ፣ እልል ብለን እንቀበለዋለን።

በርበሬን ደግሞ ዱቄቱን ሳይሆን ዛላውን ግዙ። ሲነቀነቅ ፍሬው ካልተንኳኳ፣ ሲታጠፍም እንደ ቆዳ ከተለመጠ፣ ውኃ ተረጭቶበታል፤ ኪሎውን የሚሞላው ውኃው ነው። በላዩ ላይ ቤት ሲገባ ይሻግታል። ሚዛኑን ለመፈተን ያልተከፈተ የአንድ ሊትር የታሸገ ውኃ አስቀምጡበት። ከነጠርሙሱ ከአንድ ኪሎ ትንሽ ማለፍ አለበት። 1.2 ካለ ሌላ ድንኳን ፈልጉ።

ሒሳብ ክፍል፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ክርክሩ ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። ከየትም ይምጣ፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ ነጋዴና የማይቆርጥ ነጋዴ እኩል ሊወዳደሩ አይችሉም። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። አንዱ ሱቅ ውስጥ በማሽን እየቆረጠ፣ ሌላው ድንኳን ውስጥ በቃል እየሸጠ ከሆነ ድንኳኑ ገና ሳይጀምር በ15 በመቶ ይቀድማል። «ባዛር ርካሽ ነው» ከሚባለው ብዙው ከዚህ የሚመጣ ነው።

ደግሞ ማሽን ይዣለሁ ማለት ብቻ አይበቃም። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚመዘገበው በሱቁ አድራሻ ነው። ቦታ ሲቀየር ለገቢዎች አስቀድሞ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ አዲስ አበባ በተመዘገበ ማሽን እዚህ መሸጥ ራሱ ጥፋት ነው። ይኼ የኛን ባለ ሱቆችም ይመለከታል። ማሽኑን ከሱቅ ነቅሎ ድንኳን ውስጥ የሚተክል ሰው «እዚሁ ከተማ ነኝ» ብሎ አያመልጥም።

ስለዚህ የምለው፦ ድንኳን የሚሰጠው ንግድ ፈቃድና ቲን ላቀረበ፣ የማሽን ቦታ ለውጥ ላሳወቀ ነው። ከዚያ በተጨማሪ መያዣ ያስይዝ። ለምሳሌ በድንኳን 3,000 ብር በዝግ ሒሳብ ይቀመጥና መስከረም 20 ይመለስለት። ምድጃ ወይም ጁስ መፍጫ ገዝታ በሳምንቱ የተቃጠለባት ሴት ደረሰኟን ይዛ ትመጣለች፣ ከመያዣው ይከፈላታል። አሁን ባለው አሠራር ግን ዕቃው ሲበላሽ ሻጩ ደጀንን አልፏል።

ባለ ሚዛን፦
መያዣው ጥሩ ነው። ግን ማን ያስፈጽመዋል? ወረቀት ላይማ ስንት ነገር አለ።

ድርና ማግ፦
ስለ ሸማኔው ማንም አላነሳም፣ ይገርማል። ለሸማኔ የዓመቱ ሰብል ጳጉሜ ነው። ሰው የእንቁጣጣሽ ነጠላና ቀሚስ ከሐምሌ ጀምሮ ያዛል፣ ክሩ በዱቤ ይወጣል፣ ዕዳው የሚዘጋው በነዚህ አምስት ቀናት ነው። ባዛሩ በማሽን የታተመ ጥለት ያለበትን ቀሚስ በግማሽ ዋጋ ሲያወርድ ሸማኔው ከነዕዳው ይቀራል።

መልበስ ለሚፈልግ አልከለክልም፤ ግን የታተመውን «የእጅ ሥራ ነው» ብሎ መሸጥ ማታለል ነው። ገልብጣችሁ እዩት። የተሸመነ ጥለት በጀርባው በኩል ክሩ ሲያልፍ፣ ጫፉም ተቆርጦ ሲንጠለጠል ይታያል። የታተመው ጀርባው የደበዘዘ ቀለም ብቻ ነው። እርጥብ ጨርቅ ብታሹበት አንዳንዱ እዚያው ይለቃል። የታተመ የሚሸጥ ሁሉ «የታተመ» ብሎ ይጻፍበት፤ ይኼ ለማስፈጸም ቀላል ነው፣ አንድ ሸማኔ ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር ቢዞር ይበቃል።

የአስፋልቱ ዳር፦
የምግብ ቤትና የጀበና ቡና ሰዎችም ነጋዴ ነን እኮ። የውጭ ነጋዴ ሲመጣ ያድራል፣ ይበላል፣ ባጃጅ ይሳፈራል፣ ሸክም ያሸክማል። አሥር ቀን ማለት ለአልጋ ቤት ቀላል አይደለም። ባዛሩ አስፋልት ዳር ይሁን፤ ከማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገደኛ ወርዶ እሸት በቆሎም ቢሆን ይገዛል።

ፊውዝ፦
አስፋልት ዳር? ጭጋግና ዝናብ ባለበት ወር፣ ከባድ መኪና በሚወርድበት መንገድ ላይ ሕዝብ ልትሰበስብ? ኧረ ወዲያ! የመንገዱ ትከሻ ላይ ድንኳን ከቆመ እግረኛው የሚሄደው አስፋልቱ ላይ ነው።

ሁላችሁም ግን ስለ መብራት ረስታችኋል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ነው። የውኃ ማፍያ 2 ኪሎ ዋት ቢሆን 9 አምፔር። 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ አንዱን ምጣድ ይችለዋል፤ ማፍያው ሲጨመርበት መጋል ይጀምራል። የባዛር ልማድ ደግሞ ይታወቃል። አንዱ ከጎረቤቱ በዲቫይደር ይቀጥላል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው፣ መቀጠያው በናስትሮ ተጠቅልሎ ጭቃ ላይ ይተኛል። ብሬከሩ ሲወድቅባቸው ችግሩን አይፈልጉም፣ ከፍ ያለ ብሬከር ይተክላሉ። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ መሆኑ ቀርቶ ገመዱ ራሱ ፊውዝ ይሆናል።

መፍትሔው፦ ድንኳን ውስጥ ከአምፖል በቀር ምንም አይሰካ። 60 ድንኳን በ20 ዋት ኤልኢዲ 1,200 ዋት ነው፣ ከአንድ ማፍያ ያነሰ። ዋናው መስመር ላይ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር ይተከል። ገመዱ ከ3 ሜትር በላይ በእንጨት ላይ ይሂድ፣ በቆርቆሮ ላይ በፍጹም አይታሰር። ሞንታርቦ የሚያስጮህ ለብቻው ጄኔሬተር ያምጣ።

አንድ አባል፦
ሞንታርቦውማ ጨርሶ ይቅር! ስድስት ድንኳን ስድስት ዘፈን።

ሸራ፦
ፊውዝ ያለው ልክ ነው፤ ግን መብራቱን ከከለከልክ ምግብ ሻጩ ወደ ከሰልና ጋዝ መሄዱ ነው፣ እሱ ደግሞ ከሸራ በታች አይሆንም። የምግብ ረድፍ ለብቻው፣ በቆርቆሮ ጣሪያ፣ ነፋሱ ጭሱንና ፍንጣሪውን ከድንኳኖቹ በሚያርቅበት ጫፍ ይሁን። በየሦስቱ ምድጃ መሐል አንድ በርሜል አሸዋ ይቀመጥ።

ድንኳኑን በተመለከተ፣ 3 በ3 ከሆነ ፊቱን 2.60፣ ኋላውን 2 ሜትር አድርጉት። ጠፍጣፋ አድርጎ መወጠር ነው ሁልጊዜ የሚያፈርሰው። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 9 ካሬ ሸራ ላይ ሲያርፍ 270 ሊትር ነው። ወደ ሦስት ኩንታል የሚጠጋ ክብደት መሐሉ ላይ ይቋጠራል፣ የባሕር ዛፉ ቋሚ ይሰበራል፣ ውኃው የጎረቤትን ዕቃ ይዞ ይሄዳል። ቋሚው ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ይቀበር፣ ዙሪያው በድንጋይ ይጠቅጠቅ፤ በእርጥብ አፈር ብቻ የተሞላ ጉድጓድ በሁለተኛው ቀን ይላላል። ከኋላ 30 በ30 ቦይ ይቆፈር፤ ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ከሆነ ሁለቱም ወደ ውጭ ያፍስሱ እንጂ ወደ መተላለፊያው አይሆንም።

ለመተላለፊያ ጠጠር ያስፈልጋል። 3 ሜትር ስፋት፣ 100 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 30 ሜትር ኩብ ነው፤ የሲኖ ሁለት ምልልስ። ይኼ ግን ለቀይ አፈር ነው። የታችኛው መስክ መረሬ፣ ጥቁር ጭቃ አፈር፣ ስለሆነ ጠጠሩን ይውጠዋል፤ በሦስተኛው ቀን የፈሰሰበት እንኳ አይታይም። መስኩን ተዉት።

አደይ፦
መስኩን ለመተው ሌላም ምክንያት አለ። እንግጫው፣ ለአዲስ ዓመት የሚጎነጎነው ሣር፣ እዚያ ነው የሚበቅለው። በዋዜማው ልጃገረዶች ወርደው እንግጫ የሚነቅሉበት መስክ ላይ 60 ድንኳን ተክላችሁ፣ ጠጠር አፍስሳችሁ፣ ከዚያ «የባህል ዝግጅት» ብላችሁ መድረክ ላይ ልታስጨፍሯቸው ነው? መስኩ ከተረገጠና ጠጠር ከፈሰሰበት እንግጫው ይጎዳል። ተጎንጉኖ ከአደይ አበባ ጋር በየቤቱ ምሰሶና በከብቱ ላይ የሚታሰረው ከየት ይምጣ? ከአዲስ አበባ ይጫን?

ቀኑም ይታሰብበት። ጳጉሜ 5 ከሰዓት በኋላ ባዛሩ ይዘጋ። ሴቱ ሁሉ ዶሮ ሊገነጥል ቤቱ ነው፣ ልጃገረዱ መስክ ነው፣ ወንዱ ችቦ ያስራል። ማን ሊገዛ?

ጠጅ ሳር፦
የዘንድሮው እሺ። 2019 ላይ ግን ጳጉሜ 6 ትሆናለችና «ጳጉሜ 5» ብላችሁ መመሪያ ውስጥ አትጻፉ፤ «የዋዜማው ዕለት» በሉት። ደግሞ ስለ ፍልሰታ፦ ነሐሴ 25 የተመረጠው ጥሩ ነው። ከነሐሴ 16 በፊት ቢሆን ሥጋ ቤትና እንቁላል ሻጭ ቦታ ተከራይቶ ባዶ ይቀመጥ ነበር።

ወይዘሮ በርበሬ፦
እንግዲያው የቀረው ኳስ ሜዳው ነው።

የክረምት ውድድር፦
ቆይ እንጂ። የልጆቹ የክረምት ውድድር ፍጻሜው ነሐሴ መጨረሻ ነው፣ እዚያው ሜዳ ላይ። ጠጠር ከፈሰሰ መስከረም ላይ ማን ሊለቅመው ነው? ጉልበታቸው የሚላጠው ልጆቹ ናቸው።

ሸራ፦
መሐሉን ማን ይነካዋል? ከመስመሩ ውጪ አጥሩን ተከትሎ በሁለት ወገን ነው። ሜዳው ርዝመቱ 100 ሜትር ቢሆን በ3 ሜትር ድንኳን በአንድ ወገን 30፣ ከሁለቱም 60 ይገባል፣ ለመግቢያና ለቦይም 10 ሜትር ይተርፋል። አንድ ረድፍ በየወገኑ ስለሆነ ውኃው ወደ አጥሩ ይፈሳል። ጠጠሩ ግን እጥፍ ነው፣ አራት ምልልስ። ሜዳው ውስጥ እንዳይገባ በመስመሩ ዳር ግንድ ይጋደም፣ ሲያልቅ በአካፋ ይዛቅና የመናኸሪያው ጉድጓድ ይሞላበት። ፍጻሜው ነሐሴ 24 ይለቅ፣ በቃ።

የአስፋልቱ ዳር፦
መንገደኛው አያየውም ግን።

ሒሳብ ክፍል፦
መናኸሪያው በር ላይ ትልቅ ሰሌዳ ይሰቀል። አሁን ወደ ድልድሉ እንምጣ። ከ60 ድንኳን 40ው ለከተማውና ለአካባቢው ይሁን፦ ሸማኔ፣ ሸክላ፣ መሶብና አገልግል፣ የቡሬ በርበሬ፣ የአዊ ድንች፣ ማር፣ እንዲሁም መውጣት ለሚፈልጉ የኛ ሱቆች። 20ው ለውጭ ነጋዴ፣ ከዚያ ውስጥ ሽንኩርትና የምግብ ሸቀጥ ለያዘ ቅድሚያ። የአካባቢው ሰው ቦታውን እስከ ነሐሴ 10 ካልያዘ ይለቀቅ፤ አለበለዚያ ባዶ ድንኳን በስሙ ይዞ ለውጭ ነጋዴ በእጥፍ የሚያከራይ ይመጣል።

ባለ ሚዛን፦
ያ የመጨረሻው ነገር በእርግጥ ይመጣል። በድንኳኑ ላይ የባለ ፈቃዱ ስምና ቲን በትልቁ ይለጠፍ፣ ስሙ ያልሆነ ሰው ሲሸጥ ከተገኘ መያዣው ይወረስ። ይኼ ከተጻፈ ድምፄን ለ«ይግባ» እሰጣለሁ። ግን ከ20ው ውስጥ መጋረጃ፣ ብርድ ልብስና ጫማ የያዘ ከ8 አይለፍ።

ወይዘሮ በርበሬ፦
12።

ባለ ሚዛን፦
እህቴ፣ 9።

ወይዘሮ በርበሬ፦
10። ሁለቱ ደብተርና ዩኒፎርም ይሁኑ።

ባለ ሚዛን፦
ደብተሩ ይሁን። ዩኒፎርም ግን እዚሁ ይሰፋል።