ማታ መኪናችንን ስንሰካ ብሎኩ ይጨልማል፣ ምን ይሻላል?

ባለ4ኛፎቅ፦
ሰላም ቤቶች። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ እኛ ኮንዶሚኒየም አንድ ብሎክ ላይ ብቻ 6 የኤሌክትሪክ መኪና ገብቷል፣ የኔን ጨምሮ። ሁላችንም 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ገብተን ወዲያው እንሰካለን። 2 ሰዓት ሳይሞላ ዋናው ብሬከር ይወርዳል። ትናንት ጎረቤቴ ሊጡን ምጣድ ላይ እንዳሰፋች መብራት ሄደ። አክንባሎዋን እንደያዘች ደረጃው ላይ ወጥታ «ያን መኪናህን ንቀልልኝ!» ስትለኝ መግቢያ አጣሁ። ግድቡ ተመርቆም መብራት አይበቃንም ማለት ነው?

ቮልት_ቆጣሪ፦
ግድቡን ተወው ወንድሜ። 5,150 ሜጋዋት ቢያመነጭም አንተ ቤት የሚደርሰው በሰፈርህ ትራንስፎርመርና በብሎክህ ገመድ ነው፣ የጠበበው እሱ ነው። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር ከሆነ 32 አምፔር ይስባል፣ የሁለት ምጣድ ያህል ማለት ነው፣ ምጣዱ ግን እንጀራው ሲያልቅ ይጠፋል፣ መኪናህ እስከ ሌሊት ተሰክቶ ያድራል። ስድስታችሁ 42 ኪሎዋት። ደግሞ ሁላችሁም አንድ ፌዝ (ወደ ብሎኩ ከሚገቡት ሦስት የመብራት መስመሮች አንዱ) ላይ ከሆናችሁ ሌሎቹ ሁለቱ ሥራ ፈተው እሱ ብቻውን ይቃጠላል። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አስከፋፍሉት።

ባለ4ኛፎቅ፦
7 ነው። ሻጩ «ቶሎ ይሞላልሃል» አለኝ፣ ገዛሁ።

ቮልት_ቆጣሪ፦
ቶሎ ሞልቶ ማታ የት ልትሄድበት? በቀን 40 ኪሎ ሜትር ብትነዳ የምትበላው 7 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። በ10 አምፔር ሦስት ሰዓት ከምናምን ይበቃሃል። ብዙዎቹ መኪኖች ስክሪናቸው ላይ አምፔር መቀነሻም መጀመሪያ ሰዓትም አላቸው። ሰው ከተኛ በኋላ ይጀምር።

የማሚ_መኪና፦
ተጠንቀቅ፣ መኪናው የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው! እኔ ማታ 5 ሰዓት ለማለት 5፡00 ሞልቼ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስነሳ ገና አንድ ሰዓት ብቻ ቻርጅ አድርጎ አገኘሁት። 23፡00 በለው። በዲቫይደር ደግሞ እንዳትሞክረው፣ የኛ ቀልጦ ሶኬቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል።

ሜትር_ታክሲ፦
ይሄ ለቢሮ ሠራተኛ ነው። እኛ 200 ኪሎ ሜትር የምንነዳው በ10 አምፔር አንወጣውም፣ ቀን ፈጣን ቻርጅ ጣቢያ መሰለፍ የግድ ነው።

ባለ4ኛፎቅ፦
አምስታችን ተራ ተያይዘናል፣ ሦስቱ ከ4 ሰዓት፣ ሁለታችን ከ8 ሰዓት ሌሊት። ከዚያ ወዲህ ብሬከሩ አልወረደም። ስድስተኛው ሰውዬ ግን በር ሲንኳኳ አይከፍትም።