ወንድሜ ፌዴራል ፍርድ ቤት አንዴ አመልክቶ ተዘግቶበታል፤ እንደገና ማስገባት ይችላል?

እህቱ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ቨርጂኒያ ስቴት እስር ቤት 18 ዓመት ተፈርዶበት 7ኛውን ይዟል። በ2022 ራሱ በእጁ ጽፎ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሄቢየስ ኮርፐስ (እስሩ ከሕግ ውጭ ነው የሚል) አቤቱታ አስገብቶ ተዘጋበት። ከአራት ወር በፊት ግን ዋናው ምስክር ደብዳቤ ላከልን፦ «የራሴን ክስ እናቀልልሃለን ብለውኝ ነው የመሰከርኩት፤ ለማንም እንዳትናገር ተብዬ ነበር» ይላል። አንድ ወረቀት የሚያዘጋጅ ሰው «በ3,500 ዶላር ድጋሚ አስገባልሻለሁ» አለኝ። ልክፈለው?

ባለታክሲው
እህቴ፣ አሜሪካ እኮ ነው! መቶ ጊዜ ማመልከት ይቻላል። አይዞሽ።

ፓራሊጋሏ
ወንድሜ ባለታክሲው፣ ልብህ ደግ ነው፤ ሕጉ ግን እንዳንተ አይደለም። ክሊንተን በ1996 የፈረሙት ኤድፓ የሚባለው ሕግ በሩን አጥብቦታል። ሁለተኛ አቤቱታ በቀጥታ ለታችኛው ፌዴራል ፍርድ ቤት አይገባም፤ ቀድሞ የይግባኝ ሰሚው ፈቃድ ያስፈልጋል። ለቨርጂኒያ ሪችመንድ ያለው አራተኛው ሰርኪዩት ነው። ሦስቱ ዳኞች ከከለከሉ ይግባኝ የለም፣ «ድጋሚ ይታይልኝ» ማለትም የለም። ፈቃድ የሚገኘው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ላለፉ መዝገቦችም እንዲሠራ ያደረገው አዲስ የሕገ መንግሥት ትርጉም ሲኖር ነው፤ ወይም በትጋት ቢፈለግ እንኳ ቀድሞ ሊገኝ የማይችል ማስረጃ፣ ያውም «ይህ ጥሰት ባይኖር ማንም ጥፋተኛ አይለውም ነበር» የሚያሰኝ።

ግን ቆይ፣ የ2022ቱ በምን ተዘጋ? የመጨረሻውን ገጽ አንብቢልኝ።

እህቱ
ሦስት ገጽ ነው። መጨረሻው «ዊዝአውት ፕረጁዲስ» ይላል፤ ከላዩ የስቴት ፍርድ ቤቶችን አልጨረሰም የሚል አለ። እኛ ተሸነፈ ብለን ፎልደር ውስጥ ከተትነው።

ፓራሊጋሏ
እሰይ! ይሄማ መሸነፍ አይደለም፤ «መጀመሪያ ስቴት ጨርሰህ ና» ማለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2000 ስላክ በተባለው መዝገብ እንዲህ የተዘጋ እንደ አንደኛ እንደማይቆጠር ወስኗል። ስለዚህ የወንድምሽ ቀጣይ አቤቱታ በሕግ ዓይን የመጀመሪያው ነው፤ ሪችመንድ ፈቃድ መለመን የለበትም። ፍሬ ጉዳዩ ታይቶ ተዘግቶ ቢሆን ሌላ ነበር። ሰውየው ወረቀቱን ሳያይ ዋጋ መጥራቱ ራሱ ይበቃሻል፤ አትክፈዪው።

የድሮ ጠበቃ
አገር ቤት አካልን ነፃ ማውጣት የምንለው ሄቢየስ ኮርፐስ በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት ላልቀረበ ሰው ስለሆነ እዚህ ስመጣ ግራ ገብቶኝ ነበር። የተፈረደበት ሰው ያመለክትበታል!

የእኔ ስጋት ሰዓቱ ነው። የፌዴራል አቤቱታ ማስገቢያ ገደቡ 1 ዓመት ነው፤ የ2022ቱ አቤቱታ ፌዴራል የቆየበት ጊዜ ደግሞ ሰዓቱን አያቆምም፤ በ2001 ዳንከን በተባለው መዝገብ ተወስኗል። የሚያዋጣችሁ ሌላ የመቁጠሪያ መነሻ ነው፦ ዓመቱ አዲሱ ነገር በትጋት ሊታወቅ ከሚችልበት ቀን ይቆጠራል። ስለዚህ ደብዳቤው የመጣበትን ፖስታ እንዳትጥዪ! ሰዓቱን የሚያቆመው ስቴት ላይ በአግባቡ የገባ ማመልከቻ ነው፤ የስቴቱ የራሱ ጊዜ ካለፈ «በአግባቡ ገባ» አይባልም።

ሌላው፣ ምስክሩ ዋሸሁ ቢል እንኳ ያ ብቻውን ብዙም አያስኬድም። ክብደቱ ያለው «ቃል ተገብቶልኝ ተደበቀ» የሚለው ላይ ነው፤ ያ የሕገ መንግሥት ጥሰት ነው።

ፓራሊጋሏ
ልክ ነው። ምስክሩ ኖተሪ ፊት ምሎ ይፈርም። አንቺ ግን አትደውዪለት፤ ጠበቃ ወይም መርማሪ ይሂድ። ነገ «ቤተሰቡ አስገድዶኝ» እንዳይል።

እህቱ
ፖስታው አለ፣ እናቴ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስገብታዋለች። ማህተሙ ደብዝዟል፣ ቀኑ ግን ይነበባል። ስምንት ወር ቀርቶናል ማለት ነው? ነገ ጠዋት ጠበቃ ፍለጋ እወጣለሁ።

የድሮ ጠበቃ
ስምንት ብለሽ አትቁጠሪ። ዳኛው «ቀድሞ ይታወቅ ነበር» ካለ ያነሰ ነው።