ልጄ ምሳ አልበላም አለኝ፣ መክሰሱን ላቁምበት ወይስ ምን ላድርግ?

የኮዬዋ እናት፦
ሰላም እናቶች አባቶች እንዴት ናችሁ። እኛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ልጄ ሶስት ዓመት አልፎታል፣ በምግብ ነገር ግን በጣም ጨንቆኛል። ምሳ ሲቀርብለት ሁለቴ ጎርሶ አፉን ግጥም ያደርጋል፣ ቢለመን ቢባበል ቲቪ ቢከፈትለት ወይ ፍንክች። እኔና አባቱ መሀል ከተማ ነው የምንሰራው፣ መንገዱን ታውቁታላችሁ በጨለማ ወጥተን በጨለማ ነው የምንገባው፣ ስለዚ ቀን ከእናቴ ጋር ነው የሚውለው። ምን በላ ስላት ከቁርስ በኋላ ብስኩት፣ ትንሽ ቆይቶ ሻይ በዳቦ፣ ከዛ ታች ካለው ሱቅ ችፕስ፣ ሲያለቅስ ደግሞ ጁስ። "ባዶ ሆዱን ከሚውል ይሄንንም ይቅመስ እንጂ" ትለኛለች፣ አሳዝኗት ነው እውነቷን ነው። ምሳውን የሚዘጋበት ይሄ መክሰስ ነው ወይስ ልጁ ራሱ አፒታይት የለውም? ጭራሽ ብከለክለው ደሞ ምንም ሳይበላ እንዳይውል ፈራሁ። አፒታይት የሚከፍት ሽሮፕ ግዢለት ያሉኝም አሉ። የምታውቁ በናታችሁ ንገሩኝ።

የመንትዮቹ እማ፦
እህቴ መክሰሱ ነው ሌላ ምንም አይደለም። እኛ ቤት ብስኩትም ችፕስም አይገባም፣ ምሳ ሰዓት ላይ ርቧቸው ስለሚመጡ ሽሮውንም ምስሩንም ጥርግ ነው። ሲርበው ይበላል፣ አትጨነቂ፣ በቃ ቁረጪው።

ነርሷ፦
ጤና ጣቢያ ከ5 ዓመት በታች ህፃናት ክፍል ነው የምሰራው፣ ይሄ ጥያቄ በየቀኑ ይመጣልና ትንሽ ላብራራ። የመንትዮቹ እማ ስለ ብስኩቱ ያልሽው ልክ ነው፣ መክሰስ ጭራሽ ይቅር የሚለው ላይ ግን አልስማማም። የህፃን ሆድ ትንሽ ነው፣ በሶስት ማዕድ ብቻ የቀኑን ምግብ መጨረስ ይከብደዋል፣ ለዚህም ነው በዚህ እድሜ ከሶስቱ ምግብ ሌላ አንድ ሁለት መክሰስ ይሰጠው የሚባለው። ችግሩ መክሰሱ ሰዓት ሲያጣና ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲቀማምስ ሲውል ነው።

እስቲ እናስላው። የሶስት ዓመት ልጅ በቀን የሚበቃው ከ1,000 እስከ 1,400 ካሎሪ አካባቢ ነው። 50 ግራም ብስኩት ወደ 230 ካሎሪ አለው፣ ትንሽ ፓኬት ችፕስ ወደ 130፣ አንድ ብርጭቆ ጁስ ወደ 110። ሻይና ዳቦው ሳይቆጠር የቀኑን ሲሶ ወይም ከዛ በላይ ከምሳ በፊት ጨርሶታል ማለት ነው፣ ታዲያ ምሳው የት ይገባል? አፒታይት አጥቶ ሳይሆን ጠግቦ ነው አፉን የሚዘጋው። አሜሪካ ውስጥ በ1991 የወጣ ጥናት ነበር፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት የሆኑ 15 ልጆች የሚበሉትን ሲከታተሉ በየማዕዱ የሚበሉት በጣም ይለያያል፣ አንዱ ላይ ሲያንስ ሌላው ላይ ይጨምራል፣ የቀኑ ድምር ግን ብዙም አይለዋወጥም። ስለዚ አንድ ምሳ ተረፈ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፣ ብስኩቱ ካሎሪውን ይሞላል፣ ፕሮቲኑን አይረኑን ዚንኩን ግን አይሞላም፣ ልጁ ጠግቦ እየዋለ ደም ማነስ ሊይዘው ይችላል። ሻዩ ደሞ ይባስ ብሎ በምግቡ ውስጥ ያለው አይረን ሰውነቱ ውስጥ እንዳይገባ ያደርጋል፣ ለህፃን ሻይ ባይሰጥ ነው የምመክረው። ወተትም ቢሆን በቀን ከግማሽ ሊትር ካለፈ ምግብ ይዘጋል።

ሽሮፑን ሳይመረመር እንዳትገዢ። ሆዱ ውስጥ ትላትል ካለ ወይ ደም ማነስ ካለው አፒታይት ይጠፋል፣ እሱ ሲታከም ይመለሳል። አንዴ ወስደሽ ሰገራና ደም አስመርምሪው፣ ክብደትና ቁመቱንም ያስለኩልሽ። የክንዱንም ዙሪያ በመለኪያው ያዩታል፣ ከ12.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ክትትል ይፈልጋል፣ ከ11.5 በታች ከሆነ ደግሞ ወዲያው ህክምና ነው።

አባት ከአባዶ፦
እኛም ቤት ተመሳሳይ ነበር፣ የረዳን ሰዓት መያዝ ነው። ቁርስ 1 ተኩል፣ መክሰስ 4 ሰዓት፣ ምሳ 6 ተኩል፣ መክሰስ 9 ተኩል፣ እራት 1 ሰዓት፣ መሀል ላይ ውሃ ብቻ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ለቅሶ አለ፣ ግን ይለምደዋል። መክሰሱ ቁጭ ብሎ በሳህን ነው፣ ፓኬት ይዞ ኮሪደር ለኮሪደር መዞር የለም ምክንያቱም ፓኬት ከተያዘ እስኪያልቅ ነው። ግማሽ ሙዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ድንች ተቀቅሎ ጨውና ዘይት ነካ ተደርጎ፣ አቮካዶ በዳቦ ተቀብቶ፣ እርጎ ካለ እርጎ፣ ልጄ በጣም የምትወደው ስኳር ድንቹን ነው። ቆሎና ለውዝ ግን እንዲሁ ለትንሽ ልጅ አትስጡ ያንቃል፣ ለውዙን ፈጭቶ ገንፎ ላይ ማድረግ ይሻላል። ደግሞ ምሳ ላይ ጉረሱ ብለን መታገል አቆምን፣ አቅርበን 20 ደቂቃ ገደማ እንጠብቃለን፣ ካልበላች ይነሳል፣ እስከ 9 ተኩል ምንም የለም።

የኮዬዋ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሰዓቱን ከነገ ጀምሮ እንሞክረዋለን። ያስቸገረኝ እናቴን እንዴት እንደምላት ነው፣ ካለቀሰ አትችልም፣ እኔ ስናገራት ደሞ "አንቺን ያሳደግኩሽ እኔ አይደለሁም ወይ" ትላለች። ጾም ሲሆን ደግሞ እንቁላል ድስቱን ይነካብኛል ብላ አትሰራለትም።

የመንትዮቹ እማ፦
ነርሷ ስለ መክሰሱ ያልሽው ገብቶኛል፣ እኔም 9 ተኩል ላይ ድንቹን እጀምርላቸዋለሁ። ለእማማ ግን ለእሱ ብቻ የሚሆን ትንሽ መጥበሻ ለይተሽ ግዢላቸው፣ እኔ ለአማቴ እንደዛ ነው ያደረግኩት፣ ከዛ በኋላ በጾምም እንቁላሉ አልቀረም።

ነርሷ፦
ጥሩ ብለሻል፣ ይሄን የሚያክል ህፃን አይጾምም። ሌላው ደሞ ምርመራው ላይ እናትሽ ራሳቸው ይዘውት ይሂዱ፣ ብዙ አያቶች ከልጃቸው ይልቅ ከባለሙያ ሲሰሙ ይቀበላሉ። የ4 ሰዓቱን መክሰስ ሰጪዋ እሳቸው ይሁኑ፣ ብስኩቱ ቀርቶ እንቁላሉን ሲሰጡት ባዶ ሆዱን እንደማይውል ያያሉ። ታች ላለው ባለሱቅም በዱቤ እንዳይሰጥ ንገሪው። ስትልኪያቸው የክትባት ካርዱን እንዳትረሺ፣ የበፊቱ ኪሎ እዛ ላይ ካለ ከአሁኑ ጋር ያስተያዩልሻል።