ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ መጫን፦ የትኛው ቁልፍ በገዢው እጅ ነው፣ የትኛው አይደለም?

ናትናኤል (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ቀድሞ የአንድ ድርጅት የነበረ ላፕቶፕ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ነው፣ ዊንዶውስ 11 አለው። ኡቡንቱን (አንዱን የሊኑክስ ዓይነት) ከዊንዶውሱ ጎን ልጭን ብዬ በፍላሽ ሳስነሳው ሴኪዩር ቡት (ፊርማው የታወቀ ሶፍትዌር ብቻ እንዲነሳ የሚያደርገው ጥበቃ) ተጥሷል የሚል ቀይ መልእክት አውጥቶ ይመልሰኛል። ሴኪዩር ቡትን አጥፋው ተባልኩ፤ ዲስኩ ግን በቢትሎከር የተመሰጠረ ስለሆነ ፋይሎቼ እንዳይቆለፉብኝ ፈራሁ። ፋይል ሳላጣ እንዴት ልጫነው? በገዛሁት ዕቃ ላይስ የመቀየር መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው?

ሶስና
ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ምንም ሳትነካ የቢትሎከሩን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ያዝ። 48 አሃዝ ነው። ኮንትሮል ፓነል ገብተህ ቢትሎከር የሚለው ገጽ ላይ ቁልፉን መጠባበቂያ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ወረቀት ላይ አትመው ወይም ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጠው። እዚያው ላፕቶፑ ላይ ብቻ ማስቀመጥ ምንም አይጠቅምም። ቀጥለህ እዚያው ገጽ ላይ «ሰስፔንድ ፕሮቴክሽን» (ጥበቃውን ለጊዜው አቁም) በል። አንዴ ከተነሳ በኋላ ራሱን መልሶ ሊያበራ ስለሚችል የባዮስ ለውጥህን በአንድ ጊዜ ጨርስ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ዲስኩን የሚከፍተው ቁልፍ የሚጠበቀው ቲፒኤም በሚባለው ቺፕ ነው። ቺፑ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በምን ሁኔታ እንደተነሳ ይመዘግባል፤ የሴኪዩር ቡት ሁኔታም ፒሲአር 7 በሚባለው የቺፑ መዝገብ ላይ ይመዘገባል። ሁኔታው ከተቀየረ መዝገቡ አይገጥምም፣ ቺፑም ቁልፉን አይለቅም። ፋይሉ ግን አልጠፋም፤ 48ቱን አሃዝ ስታስገባ ይከፈታል። አሃዙ ከሌለህ ጠጋኝ ጋ ብትወስደውም መፍትሔ የለውም። ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ደግሞ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ካልተጫነ ቁልፉ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬውኑ አረጋግጥ።

ቢኒያም
እኔ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት መጀመሪያ የሚሞከር ነገር ነው አልልም። ኡቡንቱ ፊርማ ያለው ቡትሎደር (ሲስተሙን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ስላለው ሴኪዩር ቡት በርቶ መነሳት አለበት። እምቢ ካለ ሦስት ነገር ተመልከት።

አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በወጡ በርካታ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ የማይክሮሶፍት የሦስተኛ ወገን ሰርተፍኬት ከፋብሪካው ጠፍቶ ነው የሚመጣው። የሊኑክስ ፊርማ የሚታወቀው በዚያ ሰርተፍኬት ስለሆነ ማሽኑ ዊንዶውስን ብቻ ይቀበላል። ባዮስ ገብተህ (በብዛት ኤፍ 1፣ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት ቁልፍ) «ሴኩሪቲ»፣ ከዚያ «ሴኪዩር ቡት» ውስጥ «አላው ማይክሮሶፍት ሰርድ ፓርቲ ዩኢኤፍአይ ሲኤ» የሚለውን አብራው። ያንተ ችግር ይሄ ይመስለኛል።

ሁለተኛ፣ መልእክቱ ላይ ኤስባት (SBAT፣ የተሻሩ አሮጌ ቡትሎደሮችን የሚለይ ዘዴ) የሚል ቃል ካለ ፍላሹ ላይ ያለው ቡትሎደር አሮጌ ነው፣ ተሽሯል። እ.ኤ.አ. የነሐሴ 2024 የዊንዶውስ ማሻሻያ ብዙ አሮጌ የሊኑክስ ፍላሾችን ያስቆመው በዚህ መንገድ ነው። አዲስ ምስል አውርደህ ፍላሹን እንደገና ጻፈው።

ሦስተኛ፣ እንደ አርች ያሉት የሊኑክስ ዓይነቶች መጫኛቸው ጭራሽ ፊርማ የለውም። ለእነሱ ለመጫኛው ጊዜ ማጥፋት ግድ ነው።

ናትናኤል
ቢኒያም፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የሦስተኛ ወገኑን ሳበራው ተነሳ፣ ተጫነም። አሁን ግን የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ድራይቨር ከጫንኩ በኋላም አይሠራም። ስጭነው የይለፍ ቃል አውጣ ብሎኝ ነበር፤ ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ መጣና ሳላየው አለፈ።

ሶስና
ችግሩ ያ ሰማያዊ ገጽ ነው። ሴኪዩር ቡት ሲበራ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ያልተፈረመ ሞጁል፣ ማለትም እንደ ድራይቨር ያለ ተጨማሪ ኮድ፣ አይጭንም። ኡቡንቱ ድራይቨሩን የሚፈርመው እዚያው ማሽንህ ላይ በተፈጠረ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉን ደግሞ ኪቦርዱ ፊት የተቀመጠ ሰው እንዲያጸድቀው ይፈለጋል። ገጹ 10 ሰከንድ ብቻ ይጠብቅና ያልፋል። ድራይቨሩን እንደገና ጫን፣ ቢያንስ 8 ፊደል ያለው የይለፍ ቃል ስጥ፣ እንደገና አስነሳ። ገጹ ሲመጣ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን፣ «ኢንሮል ሞክ»፣ «ኮንቲኒው»፣ «የስ»፣ ከዚያ የይለፍ ቃሉን አስገባ። የኪቦርዱ አቀማመጥ እዚያ ላይ የአሜሪካ ስለሆነ የይለፍ ቃሉ ምልክት የሌለበት ተራ ፊደል ቢሆን ይሻላል።

ዮዲት
ሁለተኛውን ጥያቄህን ማንም አልነካውም፣ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው። መቆለፊያዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም።

ሴኪዩር ቡት ራሱ በእጅህ ነው። ባዮሱ ከፈቀደ ወደ «ሴታፕ ሞድ» አስገብተህ የፋብሪካውን ቁልፎች በራስህ መተካት ትችላለህ። የማይክሮሶፍትን ሰርተፍኬቶች ግን ጨርሰህ አታውጣ። የአንዳንድ ግራፊክስ ካርዶች ፈርምዌር (ካርዱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም) የተፈረመው በእነሱ ስለሆነ፣ ከወጡ ስክሪኑ ጨልሞ ይቀራል፤ ባዮስ ገብቶ ማስተካከልም አይቻልም። እ.ኤ.አ. የ2011ዎቹ ሰርተፍኬቶች ከሰኔ 2026 ጀምሮ ዘመናቸው ስለሚያልቅ የ2023ቶቹም መግባታቸውን አረጋግጥ።

ይህ መብት ዋስትና ያለው እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ማይክሮሶፍት የኤክስ86 (የኢንቴልና የኤኤምዲ ዓይነት) ኮምፒውተር ገዢ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት እንዲችል አምራቾችን ያስገድድ ነበር። በዊንዶውስ 10 ግን ግዴታውን አንስቶ ለአምራቹ ፈቃድ ተወው።

ኢንቴል ቡት ጋርድ፣ ባዮሱ ራሱ በአምራቹ የተፈረመ መሆኑን የሚያጣራው፣ ሌላ ነው። አምራቹ የቁልፉን ሃሽ (የቁልፉን አሻራ) በፋብሪካ ውስጥ በፊውዝ ያቃጥለዋል፤ የተቃጠለ ፊውዝ አይመለስም። ስለዚህ እንደ ኮርቡት ያለ ነጻ ፈርምዌር ልተካ ብትል፣ የባዮሱን ቺፕ በፕሮግራመር መሣሪያ ብትጽፈው እንኳ ማሽኑ አይነሳም። ገዢው ገንዘቡን ከፍሎ የመጀመሪያውን ኮድ የመምረጥ መብት ግን ለዘለዓለም ከሌላ ሰው ጋር መቅረቱን አልቀበለውም፤ ደህንነቱ ያስፈልጋል፣ ቁልፉ ግን ለባለቤቱ መሰጠት ነበረበት።

ከድርጅት የወጣ ስለሆነ ሁለት ነገር ደግሞ ፈትሽ። ባዮሱ የሱፐርቫይዘር የይለፍ ቃል ካለው ከሻጩ ተቀበል፤ በአዳዲሶቹ ላይ የሲሞስ ባትሪ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን) ነቅሎ መመለስ አያጠፋውም። አውቶፓይለት የሚባለውን (ድርጅቶች ማሽኖቻቸውን የሚመዘግቡበት የማይክሮሶፍት አገልግሎት) ለማወቅ ዊንዶውስን ከባዶ ጭነህ ኢንተርኔት አገናኘው፤ የድርጅት ስም አውጥቶ የሥራ ኢሜይል ከጠየቀ ማሽኑ አሁንም በቀድሞው ባለቤት ስም ተመዝግቧል። ምዝገባው በማዘርቦርዱ መለያ ስለሆነ ዲስክ መቀየር አያድንህም፤ የሚሰርዘው ድርጅቱ ብቻ ነው። ሊኑክስን አያግድም፣ ነገ ልትሸጠው ስትል ግን ገዢው ይመልስልሃል። የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ሞክረው።