«ሆሞጂኒየስ» በአማርኛ ምን ይባል?

ሽምብጥ፦ ጤና ይስጥልን። ለሁለተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች የዲፈረንሻል ኢኩዌሽን (የአንድ ነገር የለውጥ ፍጥነት የሚገባበት እኩልታ) አጋዥ ማስታወሻ በአማርኛ እየተዘጋጀ ነው። ትምህርቱም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ማስታወሻው ሐሳቡን ለማስጨበጥ ብቻ ነው። «ሆሞጂኒየስ» ላይ ግን አልተስማማንም። አንዱ ረቂቅ «ወጥ እኩልታ» ይላል፣ ሌላው «ተመሳሳይ እኩልታ»። የቱ ይሻላል?

ግሽ ዓባይ፦ «ተመሳሳይ» ይቅር። ሰሚው «ከምን ጋር?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልስም የለውም። «ወጥ» ግን ከግሪኩ ጋር ይሄዳል፤ «ሆሞስ» አንድ፣ «ጌኖስ» ዘር ወይም ዓይነት ነው። ወጥ ድንጋይ፣ ወጥ አሠራር ስንል ባዕድ ነገር ያልገባበት ማለታችን ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1726 ለእነዚህ እኩልታዎች የሰጠው ዮሐን ቤርኑሊ ነው።

ቤዛዊት፦ ጋሼ፣ ለቃሉ ልክ ነዎት። ለኮርሱ ግን አንድ ቃል አይበቃም። ሆሞጂኒየስ በመጀመሪያው ምዕራፍና በሊኒየር እኩልታዎች ምዕራፍ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ የሚጠራው ነገር ሌላ ነው፤ የተማሪው ስሕተትም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው የአንደኛ ኦርደሩ ነው፤ ማለትም ከዋይ′ ያለፈ ዴሪቬቲቭ የሌለበት። ዋይ′ የዋይ ዴሪቬቲቭ፣ ዋይ ከኤክስ ጋር የሚለወጥበት ፍጥነት ነው። ዋይ′ን ለማወቅ የዋይና የኤክስ ንጽጽር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሆሞጂኒየስ ይባላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ዋይ′ን ለብቻው በግራ አስቀምጦ በቀኝ ያሉትን ኤክስንም ዋይንም ዜሮ ባልሆነ በማንኛውም አንድ ቁጥር ማባዛት፤ ውጤቱ ካልተለወጠ ነው። የሚፈታው ዋይ = ቪ × ኤክስ ብሎ በመተካት ነው።

ሁለተኛው የሊኒየሩ ነው፤ ማለትም ዋይና ዴሪቬቲቮቹ እርስ በርስ ሳይባዙ በአንደኛ ፓወር ብቻ የሚገቡበት። የዚህ መፈተኛ ዋይንና ዴሪቬቲቮቹን ሁሉ ዜሮ ማድረግ ነው፤ እኩልታው ከጸና ሆሞጂኒየስ ነው።

አሁን ዋይ′ = (ኤክስ + ዋይ)/ኤክስ የሚለውን እንይ። ኤክስ 1፣ ዋይ 3 ሲሆኑ ቀኙ 4 ነው፤ 2 እና 6 ሲሆኑም 4 ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ትርጉም ሆሞጂኒየስ ነው። ያንኑ እኩልታ በሊኒየር መልክ ስንጽፈው ዋይ′ − ዋይ/ኤክስ = 1 ይሆናል። ዋይን ዜሮ ስናደርግ 0 = 1 ይወጣል፤ በሁለተኛው ትርጉም ሆሞጂኒየስ አይደለም። በየትኛውም መንገድ ቢፈታ መልሱ አንድ ነው፦ ዋይ = ኤክስ × ኤልኤን ኤክስ + ሲ × ኤክስ (ኤልኤን ናቹራል ሎጋሪዝም፣ ሲ ማንኛውም ቋሚ ቁጥር ነው)። ዋይ′ + ኤክስ × ዋይ = 0 ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሁለተኛውን ፈተና ያልፋል፣ በመጀመሪያው ይወድቃል፤ ሁለቱንም በ2 ስናባዛቸው የቀኙ ጎን 4 እጥፍ ይሆናልና። ለሁለቱም «ወጥ» ካልን የእንግሊዝኛውን ችግር ወደ አማርኛ አዛወርነው ማለት ነው።

ሽምብጥ፦ መምህር፣ እንግዲያውስ የመጀመሪያውን «ንጽጽራዊ»፣ ሁለተኛውን «ቀኝ ባዶ» ብንለውስ? «ንጽጽር፣ ወደርና መቶኛ» ብለን ከታች ክፍል ጀምሮ ስለተማርነው ንጽጽር አዲስ ቃል አይሆንም።

ቤዛዊት፦ «ንጽጽራዊ»ን ወድጄዋለሁ። «ቀኝ ባዶ» ግን ያሳስታል። ዋይ′ = −ኤክስ × ዋይ ተብሎ ሲጻፍ ቀኙ ባዶ አይደለም፣ እኩልታው ግን ሆሞጂኒየስ ነው። በፈተና ላይ ይህን አይቶ ፓርቲኩላር ሶሉሽን (ሆሞጂኒየስ ላልሆነ እኩልታ የሚፈለገውን አንድ መፍትሔ) መፈለግ የሚጀምር ተማሪ ብዙ ነው። ስያሜው መታየት ያለበት በአጻጻፉ ሳይሆን በይዘቱ ነው፤ ማለትም ዋይም ሆነ ዴሪቬቲቩ የማይነካው፣ ለብቻው የቆመ ነገር አለ ወይ?

ዘጌ፦ ውሃ ላይ ለምንሠራ ሰዎች ያ ለብቻው የቆመ ነገር ስም አለው፤ «ገቢ» ነው። ጣናን ብትወስዱ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከዝናቡ ጋር ገቢ ናቸው። ወጪው ደግሞ ትነቱ፣ በጨራ ጨራ ግድብ በኩል የሚወጣው ዓባይና እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በዋሻው ወደ በለስ ወንዝ የሚሄደው ነው። ስለዚህ «ገቢ የለሽ እኩልታ» እና «ባለገቢ እኩልታ» ብንል ተማሪው ፍቺውን ከስሙ ያገኘዋል።

ለማስታወሻው ግን ሐይቁን ሳይሆን ሮቶ ውሰዱ። 1000 ሊትር የያዘ ሮቶ አለ፤ በደቂቃ 10 ሊትር ይገባል፣ 10 ሊትር ይወጣል፣ ውስጡ ሁልጊዜ በደንብ የተደባለቀ ነው። በውስጡ ያለው ክሎሪን በሚሊግራም «ክ» ይባል። የሚገባው ውሃ ክሎሪን ከሌለው ክ′ = −ክ/100 ነው፤ ይህ ገቢ የለሽ ነው። ክሎሪኑ በ69 ደቂቃ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ በ100 ደቂቃ 37 በመቶው ይቀራል፣ በ300 ደቂቃ 5 በመቶው። የሚገባው ውሃ በሊትር 2 ሚሊግራም ከያዘ ደግሞ በደቂቃ 20 ሚሊግራም ይጨመራል፤ ክ′ = 20 − ክ/100፣ ባለገቢ ነው። ይህኛው ከየትም ቢነሳ ወደ 2000 ሚሊግራም ይሄዳል።

ቤዛዊት፦ ይህ ምሳሌ ሌላም ስሕተት ያወጣልናል። የባለገቢው ጠቅላላ መፍትሔ የራሱ አንድ መፍትሔና የገቢ የለሹ መፍትሔ ድምር ነው፦ ክ = 2000 + ሲ × ኢ^(−ጊዜ/100)። ሮቶው ሲጀመር ክሎሪን ከሌለው ሲ = −2000 ነው። ብዙ ተማሪ ግን መነሻ ሁኔታውን ገቢ የለሹ ክፍል ላይ ብቻ ተክቶ ሲ = 0 ያገኛል፣ ከዚያ 2000ን ይደምርበታል። ውጤቱ ባዶ የነበረው ሮቶ በዜሮ ደቂቃ 2000 ሚሊግራም አለው ይላል። መነሻ ሁኔታው የሚተካው ሁለቱ ክፍሎች ከተደመሩ በኋላ ነው፤ ማስታወሻው ውስጥ በደማቁ ይጻፍ።

ግሽ ዓባይ፦ «ገቢ» ለውሃ ያምራል፣ ለገንዘብም። ለስፕሪንግና ለክብደት ምን ትሉታላችሁ? እዚያ የሚገባ ነገር የለም።

ዘጌ፦ ከውጭ የሚመጣው ኃይል ነዋ። ለመካኒካል ተማሪ «የውጭ ግፊት»፣ ለኤሌክትሪካሉ የምንጩ ቮልቴጅ ቢባል ሁሉም በ«ገቢ» ሥር ይገባሉ። ግን አንድ ጥንቃቄ፦ ስሙን ሊኒየር ላልሆነ እኩልታ አትስጡት። ከታች ቀዳዳ ያለው ሮቶ ምንም ባይገባበትም የሚወጣው ውሃ ከከፍታው ጋር ሳይሆን ከከፍታው ስኩዌር ሩት ጋር ነው የሚሄደው። በግድብ አናት ላይ በነጻ የሚፈስ ውሃም ከከፍታው 1.5 ፓወር ጋር ይሄዳል። ሁለቱም ላይ መፍትሔ ከመፍትሔ ጋር መደመር አይሠራም። ሐይቁን ትታችሁ ሮቶውን ውሰዱ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ የጣና ወጪ በጨራ ጨራ በሮች አከፋፈት ጭምር የሚወሰን ስለሆነ በአንድ ቋሚ ቁጥር አይያዝም።

ሽምብጥ፦ ተቀብያለሁ። «ገቢ የለሽ ሊኒየር እኩልታ» ተብሎ ይጻፋል፣ ሊኒየርን ሳንለይ። ፓርቲኩላር ሶሉሽንን «ልዩ መፍትሔ» ብለነዋል፤ ይሄስ?

ግሽ ዓባይ፦ «ልዩ» አምሳያ የሌለው ማለት ነው። ነገሩ እንደዚያ ከሆነ ይሁን።

ቤዛዊት፦ እንደዚያ አይደለም፣ እንዲያውም የተገላቢጦሹ ነው። ለባለገቢ እኩልታ የትኛውም አንድ መፍትሔ ይበቃል። ከላይ ባየነው እኩልታ ኤክስ × ኤልኤን ኤክስ ይሠራል፣ 5 × ኤክስ ቢጨመርበትም ይሠራል፤ ልዩነቱን ሲ ይውጠዋል። «ልዩ» ያልነው ተማሪ የጓደኛው መልስ ከእሱ ሲለይ አንዱ ተሳስቷል ብሎ ይደመድማል። በዚያ ላይ እንግሊዝኛው ሲ ከታወቀ በኋላ ያለውንም ፓርቲኩላር ይለዋል። የመጀመሪያውን «አንድ መፍትሔ»፣ ሁለተኛውን «የመነሻው መፍትሔ» ብትሉት ይሻላል።

ይህን አንድ መፍትሔ በግምት ስንፈልግ ገቢ የለሹን አስቀድመን የምንፈታበት ምክንያትም ይጻፍ። ዋይ″ + 4ዋይ = ኮስ 2ቲ ላይ ኮስ 2ቲን እና ሳይን 2ቲን በቋሚ ቁጥር አባዝቶ መገመት አይሠራም፤ ሁለቱም የገቢ የለሹ መፍትሔዎች ስለሆኑ ግራው ዜሮ ይሆናል። ግምቱ በቲ ሲባዛ (ቲ/4) × ሳይን 2ቲ ይገኛል። ፊት ያለው ቲ ማወዛወዙ ከጊዜ ጋር እየሰፋ መሄዱን ያሳያል፤ ሬዞናንስ የሚባለው ይህ ነው።

ሽምብጥ፦ ሬዞናንስን እንዳለ እንተወው። ኦርደርና ዲግሪስ? ሁለቱንም «ደረጃ» ብለናቸዋል።

ቤዛዊት፦ ለዩዋቸው። ኦርደር ከፍተኛው ዴሪቬቲቭ ስንተኛ እንደሆነ ነው፣ ዲግሪ የዚያ ዴሪቬቲቭ ፓወር ነው። (ዋይ″)³ + ዋይ′ = 0 ኦርደሩ 2፣ ዲግሪው 3 ነው። «ደረጃ»ን ለኦርደር ያዙት፣ ዲግሪን ዲግሪ በሉት።